ምልክቱ አለ፣ ድራይቩ ግን ጠዋት አይነሳም

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ጠባሴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ውል፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የምጽፈው ሁሉ ጉግል ድራይቭ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዴስክቶፕ ላይ ያለውንም ድራይቩ ራሱ ያወጣልኛል። ድሮ ኮምፒውተሩን ስከፍት አብሮ ይነሳ ነበር። ከወር ወዲህ እንቢ አለ። በእጄ ስከፍተው ግን ይሠራል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ አየሁ፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ተነሣ በሚለው ላይ ምልክቱ አለ። አጥፍቼ መልሼ አደረግሁት፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ቀርፋፋ ስለሆነ አንድ ልጅ አጽድቶልኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ድራይቩን ሳልከፍተው ውዬ መብራት ጠፋ። ደንበኛዬ መጥቶ ፋይሉን ስልኬ ላይ ብፈልገው የለም። ፎርማት ላስደርገው ወይ?»

ፎርማቱን እርሺው እህቴ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ነገር እንይ።

ከጻፍሽው ውስጥ ሁለት ነገር ያዝኩ። ምልክቱ አለ ብለሻል። ልጁ አጽድቶልኝ ነበር ብለሻል። እነዚህ ሁለቱ አብረው ሲመጡ እኔ ሌላ ነገር ከመጠርጠሬ በፊት አንድ ቦታ ነው የማየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዲነሳ ሁለት ወገን መስማማት አለበት። አንዱ ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ሌላው ዊንዶውስ ነው። ድራይቩ ሴቲንግ ውስጥ ምልክት ስታደርጊ፣ ፕሮግራሙ ስሙን ከሚነሡት ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። ዊንዶውስ ግን ከዚያ ሌላ የራሱ ማስታወሻ አለው። እገሌ ይፍቀድለት፣ እገሌ ይከልከል የሚል ነው። ሁለቱ መዝገቦች አይነጋገሩም። ሰርግ ላይ ስምሽ ከተጠሪዎች ዝርዝር አለ፤ በር ላይ የቆመው ሰው ግን አታስገባት ተብሏል እንደማለት ነው። ዝርዝሩን አሥር ጊዜ ብትሰርዢና ብትጽፊ በር ላይ ያለው ሰውዬ አይሰማም። አጥፍተሽ መልሰሽ ብታደርጊውም ያልተለወጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ በረኛውን እናናግረው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስቱን ቁልፎች አብረሽ ጫኚ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ትንሽዬ ባዶ መስኮት ሆኖ ከመጣ ከታች ሞር ዲቴይልስ የሚለውን ንኪ። ከላይ ከተደረደሩት ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ምረጪ። ዊንዶውስ 11 ያለው ሰው ይህንኑ በግራ በኩል ያገኘዋል። አሁን ጉግል ድራይቭን ፈልጊ። ስታተስ በሚለው ረድፍ ፊት ለፊቱ ዲስኤብልድ የሚል ካየሽ ሌባው ተይዟል። ቀኝ ክሊክ አድርጊና ኢነብል በዪው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጊ።

ልጁን ግን አትቆጪው። ኮምፒውተር ሲዘገይ መጀመሪያ የሚደረገው ከጅምሩ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች መቀነስ ነው። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ጥፋቱ ሳይጠይቅሽ መዝጋቱ ነው። ማጽጃ የሚባሉት ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። አንዴ አጽዳ ስትያቸው የሚያስፈልግሽንም የማያስፈልግሽንም ጠርገው ይወጣሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ የማትጠቀሚበትን የሙዚቃ ማጫወቻና የቻት ፕሮግራም ዲስኤብል አድርጊ፤ ድራይቩንና አንቲቫይረሱን ተዪ። ያኔ ኮምፒውተሩም ቀለል ይለዋል።

ድራይቩ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለስ? ያን ጊዜ ስሙን ያላስመዘገበው ፕሮግራሙ ራሱ ነው ማለት ነው። ድራይቩን በእጅሽ ክፈቺና ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የድራይቭ ምልክት ንኪ። ጥርስ ያለው ክብ ምልክት አለ፤ እሱን ከፍተሽ ፕሪፈረንስ ግቢ። እዚያም ሌላ ተመሳሳይ ክብ ከላይ በቀኝ ታገኛለሽ። እሱን ነክተሽ ወደ ታች ስትወርጂ ሎግ ኢን ስታደርጊ ድራይቩ እንዲነሳ የሚለው ሳጥን ይመጣል። ምልክቱን አጥፊና ሴቭ አድርጊ። እንደገና ገብተሽ አድርጊው። ከዚያ ታስክ ማናጀሩን ዘግተሽ ክፈቺና እዪ።

አሁን ኢነብልድ እያለም ጠዋት የማይነሳ ከሆነ እንዴት እንደምትመረምሪው ልንገርሽ። ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። «አይነሳም» የሚለው ቃል ሦስት የተለያየ በሽታ ነው። አንደኛው፣ ጨርሶ አልተነሳም። ሁለተኛው፣ ተነሥቶ ወዲያው ሞተ። ሦስተኛው፣ ተነሥቷል ግን አይታይሽም ወይም መሥራት አልቻለም። መድኃኒታቸው አይገናኝም።

ለመለየት ጠዋት ስትከፍቺ ሦስት አራት ደቂቃ ምንም አትንኪ። ቡናሽን አፍዪ፤ ለደብረ ብርሃን ጠዋት ይሻላል። ዊንዶውስ ሎግ ኢን እንዳደረግሽ ሁሉንም በአንዴ አያስነሳም፤ ሆን ብሎ ትንሽ ያዘገያቸዋል። የአንቺ ኮምፒውተር ደግሞ ኤስኤስዲ ሳይሆን የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ሰው ግን አሥር ሰከንድ ጠብቆ «አልተነሳም» ይልና በእጁ ይከፍታል። ከዚያ እኔ ዘንድ ይዞት ይመጣል።

ከጠበቅሽ በኋላ ሰዓቱ አጠገብ ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች፤ እሷን ንኪ። ዊንዶውስ ምልክቶችን እዚያ ውስጥ ይደብቃል። የድራይቩ ምልክት እዚያ ቁጭ ብሎ ልታገኚው ትችያለሽ። ከሌለ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴይልስ የሚለውን ክፈቺና ጉግል ድራይቭ ኤፍኤስ የሚል ስም ፈልጊ። ስሙ ካለ ፕሮግራሙ ተነሥቷል። ስሙ መጥቶ ዓይንሽ እያየ ከጠፋ ተነሥቶ እየሞተ ነው። ጭራሽ ካልመጣ የሚያስነሳው የለም።

ጨርሶ ካልተነሳ ከበረኛው ቀጥሎ የምጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ፕሮግራም ሲያስቸግር «በአድሚኒስትሬተር ክፈተው» የሚል ምክር ከተማውን ሞልቶታል። ያንን ለአንድ ጊዜ ማድረግ ምንም አይደለም። አንዳንዱ ግን የፕሮግራሙን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ፣ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለው ውስጥ ገብቶ፣ ሁልጊዜ በአድሚኒስትሬተር ይከፈት የሚለውን ምልክት ያደርግበታል። ያ ከተደረገ ዊንዶውስ ጠዋት አያስነሳውም። ምክንያቱም በአድሚኒስትሬተር የሚከፈት ነገር ሁሉ «ልፍቀድ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። ዊንዶውስ ደግሞ ሎግ ኢን እንዳደረግሽ በዚህ ጥያቄ እንዲያደናግሩሽ አይፈልግም። ዝም ብሎ ይዘላቸዋል። መልእክት የለ፣ ስሕተት የለ። በእጅሽ ስትከፍቺው ግን «የስ» ትይውና ይሠራል። አንቺ በእጅሽ ስትከፍቺ ማያው ጠቆር ብሎ የስ ወይስ ኖ የሚል ጥያቄ የሚያመጣ ከሆነ በሽታው ይኸው ነው። ምልክቱን አንሺለት፤ ለድራይቭ የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን አያስፈልገውም።

ሪስታርት ስታደርጊ የሚነሳ፣ ማታ አጥፍተሽ ጠዋት ስትከፍቺ ግን የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለው። ሸት ዳውን ስትይው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የራሱን የውስጥ ክፍል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ ይተኛል፤ ጠዋት ያንኑ አንሥቶ ይቀጥላል። ሪስታርት ግን ሁሉን ጥሎ ከዜሮ ይጀምራል። ጉግል ድራይቭ ፋይሎችሽ እንደ ዲስክ የሚታዩባትን ጂ የምትባለዋን ድራይቭ የሚሠራልሽ፣ ድራይቨር በሚባል ዊንዶውስ ውስጥ በሚገባ ረዳት ፕሮግራም አማካይነት ነው። ያ ድራይቨር የትናንቱን ችግር ተሸክሞ አድሮ ይሆናል። ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት ይቻላል፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የመክፈቻ ቁልፉ ምን ይሥራ የሚለው ውስጥ ነው። ነገር ግን በድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ካጠፋሽው ጠዋት አከፋፈቱ በጣም ይረዝማል። በሪስታርትና በሸት ዳውን መካከል ልዩነት እንዳለ በዓይንሽ ካላየሽ አትንኪው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛው በሽታ ልምጣ፤ ተነሥቶ መሥራት ያቃተው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ብቻ የሆነ ጉድ አለ።

አንድ ጊዜ አንድ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ከመሐል ሜዳ ላፕቶፕ ይዞልኝ መጣ። በርኖሱ ውስጥ ሸጉጦ ነው ያመጣው። ድራይቩ ምልክቱ ይታያል፣ ግን «መገናኘት አልቻልኩም» ይላል። ሦስት ሰው አራግፎ ጭኖለታል። ብሮውዘሩም ገጾቹን ሁሉ «አይታመኑም» እያለ ይከለክላል። እኔም ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ፤ አፍሬ ነው የምናገረው። በኋላ ሰዓቱን አየሁት። ዓመቱ 2017 ይላል። ሰውዬው አልተሳሳተም፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው።

ለምን ያስቸግራል? ኢንተርኔት ላይ ያለ እያንዳንዱ አገልግሎት ማንነቱን የሚያሳይበት የምስክር ወረቀት አለው። ወረቀቱ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተርሽ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ የዛሬው ወረቀት ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። ስለዚህ ግንኙነቱን ይዘጋዋል። ድራይቩ ምንም ጥፋት የለበትም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉም አሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ለኮምፒውተሩ ስምንት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሲዛባ የፋይሎቹ ሰዓት ይምታታል። ዓመቱ ሲዛባ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። ቀኑንም ሰዓቱንም በፈረንጆቹ አድርጊ። የጊዜ ክልሉን ናይሮቢ የሚለውን ምረጪ፤ የእኛም ሰዓት እዚያው ነው። መጀመሪያ በእጅሽ አስተካክይው፤ ከዚያ በራሱ እንዲያስተካክል ፍቀጂለት።

አስተካክለሽው በማግስቱ ተመልሶ ከተበላሸ ደግሞ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። እንደ ሳንቲም ክብ ነው፤ ሲአር 2032 ይባላል። ቁጥሩ ራሱ መጠኑ ነው፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የሚይዘው እሱ ነው። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስብሽ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ላፕቶፕ ያልሆነ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ራስሽ ልትቀይሪው ትችያለሽ፤ ሶኬቱን ነቅለሽ።

በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሚ ከሆነ ስልኩን ከመክፈትሽ በፊት ድራይቩ ተነሥቶ ኦፍላይን ነኝ ቢልሽ አትደንግጪ። ኔትወርኩ ሲመጣ ራሱ ይያያዛል።

ዊንዶውሱ ትክክል ሆኖ፣ ኢነብልድ ሆኖ፣ ሰዓቱ ልክ ሆኖ አሁንም ካልተነሳ በሌላ መንገድ እናስነሳዋለን። ቀላሉ የስታርትአፕ ፎልደር ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና አርን አብረሽ ጫኚ። በምትመጣው ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ሼል፣ ቀጥሎ ኮለን፣ ቀጥሎ ስታርትአፕ ብለሽ ሳትለያዪ ጻፊ። አንድ ፎልደር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የምታስቀምጪው ሾርትከት ሁሉ ሎግ ኢን ስታደርጊ ይነሳል። ግን ልብ በዪ። ጉግል ድራይቭ አፕዴት ባደረገ ቁጥር ፕሮግራሙን በአዲስ ቁጥር አዲስ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዋናው ፋይል ሾርትከት ከሠራሽ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሾርትከቱ ባዶ ቤት ያንኳኳል። ይልቅ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ጉግል፣ ድራይቭ ፋይል ስትሪም የሚለው ፎልደር ውስጥ ላውንች የሚል ትንሽ ፋይል አለ። ስሙ የድሮው ነው፤ አትደናገሪ። እሱ አዲሱን ፈልጎ ያስነሳልሻል። ሾርትከቱን ከእሱ ሥሪ።

አንዳንድ ባለሙያ ታስክ ስኬጁለር የሚባለውን፣ ፕሮግራምን በቀጠሮ የሚያስነሳውን የዊንዶውስ መሣሪያ ይመርጣል። እኔም እወደዋለሁ፤ «ሎግ ኢን ካደረግሁ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አስነሣ» ማለት ይቻላል። ለቀርፋፋ ኮምፒውተር ጥሩ ነው። ነገር ግን መብራት ለሚመላለስበት አገር አንድ ወጥመድ አለው። ኮንዲሽንስ የሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ካልሆነ አታስነሣ የሚል ምልክት ከመጀመሪያው ተደርጎ ነው የሚመጣው። ከሥሩም ወደ ባትሪ ከተዛወረ አቁም የሚል አለ። ላፕቶፕ ያለው ሰው መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲከፍት ድራይቩ አይነሳም። ሥራ ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋም ድራይቩ ይዘጋል። እንግዲህ ፋይሉ እንዲወጣለት የሚፈልገው በዚያች ሰዓት ነው! ሁለቱንም ምልክቶች አንሺ። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ይህ አያሳስብሽም፤ ሃሳብሽን ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባትሪ ላይ፣ አድርጊ።

ተነሥቶ ወዲያው የሚሞት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መብራት በድንገት ሲጠፋ የተበላሸ ፋይል አለ ማለት ነው። ይህን ጊዜ ነው አራግፎ መጫን የሚያስፈልገው። ከዚያ በፊት ግን ቆም በዪ። ኢንተርኔት ላይ «ድራይቭ ኤፍኤስ የሚባለውን የተደበቀ ፎልደር ሰርዢው» የሚል ምክር ታገኛለሽ። ምክሩ ይሠራል፤ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይነሳል። ግን ጂ ላይ አስቀምጠሽው ገና ወደ ኢንተርኔት ያልወጣ ፋይል የተቀመጠው እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። ስትሰርዢው አብሮ ይሄዳል። ይህን ያወቅሁት የአንድ ደንበኛዬን የሁለት ቀን ሥራ አጥፍቼ ነው። ገንዘቡን መለስኩለት፤ ሥራውን ግን ከየት አመጣለታለሁ? ስለዚህ አስቀድመሽ ምልክቱን ነክተሽ ሁሉም ወጥቷል የሚል መሆኑን አረጋግጪ። ጭራሽ የማይከፈት ከሆነ ፎልደሩን አትሰርዢው፤ ወደ ፍላሽ ገልብጪውና ለባለሙያ አሳዪ። ዴስክቶፕ ላይ ያሉት ፋይሎችሽ ግን እዚያው ሃርድ ዲስክሽ ላይ ናቸው። የዚያ ደንበኛሽ ፋይልም መብራት ሲመጣ ዴስክቶፕሽ ላይ መገኘት አለበት። ሴቭ ያላደረግሽው ካልሆነ በቀር።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒውተሩ 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ ጉግል ከ2023 ወዲህ ለእሱ አዲስ ድራይቭ አያወጣም። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ገብተሽ እዪው። 32 የሚል ካገኘሽ አትድከሚ፤ በብሮውዘር መጠቀም ይሻላል።

እንደ ጉግል ድራይቭ ያሉትን ዋንድራይቭን ወይም ድሮፕቦክስን እየተጠቀማችሁ የምታነቡ ካላችሁም የታስክ ማናጀሩ፣ የአድሚኒስትሬተሩና የሰዓቱ ጉዳይ ለእናንተም አንድ ነው። ዋንድራይቭ በተጨማሪ ኔትወርኩ ሚተርድ፣ ማለትም በመጠን የሚከፈልበት፣ ከተባለ ወይም ባትሪ ሴቨር ከበራ ራሱን ያቆማል፤ ተነሥቷል ግን አይሠራም። ድሮፕቦክስ ደግሞ ፎልደሩን ተነቃይ ሃርድ ዲስክ ላይ ካደረጋችሁትና ዲስኩ ሳይሰካ ከተከፈተ ፎልደሬ ጠፋ ብሎ ያለቅሳል። ሰክታችሁ እንደገና ክፈቱት።

አንቺ ግን ነገ ጠዋት ከታስክ ማናጀሩ ጀምሪ። ኢነብል አድርገሽ፣ ሪስታርት አድርገሽ፣ አራት ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ ዴስክቶፕ ላይ «ሙከራ» የሚል ፋይል ፍጠሪና ስልክሽ ላይ መድረሱን እዪ። ማታ በደንብ አጥፍተሽ በማግስቱም ይህንኑ ድገሚው። ካልሆነ የታስክ ማናጀሩን የስታርትአፕ ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ከታች በቀኝ ያለው ቀንና ሰዓት አብሮ ይታይ።